እጅ የነሳኝ ካሜራ

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። በቀደም ሸሕዲ ባንክ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። በሩ ላይ ስንደርስ ከላይ የተሰቀለውን ካሜራ አየሁና ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ቆምኩ። እግሬ አልራመድ አለኝ። የልጅ ልጆቼ ግራና ቀኝ ይዘው አስገቡኝ።

ቤት ከገባን በኋላ ትልቋ፣ «እምዬ፣ ካሜራ ባዩ ቁጥር እኮ ነው እንዲህ የሚሆኑት። ለምንድን ነው የሚደነግጡት? ዛሬስ ይንገሩን» አለችኝ።

ታናሿ ደግሞ፣ «ሰርቀው ያውቃሉ እንዴ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ሳቋን ወደድኩት፤ መልስ ግን አልሰጠኋትም። ለማንም ነግሬው የማላውቅ ነገር ነው። በአፌ ከማወጣው ብጽፈው ይሻለኛል ብዬ ደብተር አስገዛሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ነው፤ እጄ ቶሎ አይሄድልኝም። ከመንገዴ ወጣ ያልኩበት ቦታ ካለ ታገሡኝ፤ እመለሳለሁ።

አልሰረቅሁም። ነገሩ አንድ ሰው እንጀራውን ያጣበት ነው፤ ያጣውም እኔ ፊት ነው።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ባሌ ሲሞት ልጄን ተከትዬ ቆላ ወረድኩ። መጀመሪያ አብርሃ ጅራ፣ አንድ እርሻ ላይ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከየአገሩ ለሚወርዱት ሳሉጎች ወጥ ሠራሁ። ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞቹን ነው። ቀጥዬ መተማ ድንበሩ አጠገብ ሽንኩርትና ሎሚ ቸረቸርኩ። ወባ ሁለት ጊዜ ጣለችኝ፣ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆንልኝ ብሎ ኖሬ፣ ጉልበቴ ሲደክም ጊዜ ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ፈለግሁ። ከኮኪት ወጣ ብሎ መንገድ ዳር አንድ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። እዚያ ገባሁ።

ሥራችን ሰሊጥ ማበጠር ነው። ከማሳ የመጣውን በወንፊት እየነፋን፣ አፈሩንና ጠጠሩን፣ የአረሙን ፍሬ እየለየን በጆንያ እንመልሳለን። አሥር ያህል ሴቶች ነበርን። ከበሩ ገባ ብላ በሣርና በሸመል የተሠራች ዳስ ነበረች፣ በአገሩ ቋንቋ ራኩባ ትባላለች፤ እሷ ሥር ነው የምንውለው። ሙቀቱን ቆላ ያልኖረ ሰው አይገባውም። መሐረባችንን ውኃ ነክረን አናታችን ላይ ጣል እናደርጋለን፤ አንድ ወንፊት ነፍተን ሳንጨርስ ደርቆ ይጠብቀናል።

ከጎኔ የምትቀመጠው የወገራ ሴት ነበረች። አፏ አያርፍም። ዘበኛውን፣ ሾፌሮቹን፣ ባለሀብቱን እየቀዳች ስታስቀን ነው የምትውለው። እሷ ባትኖር ያን ሙቀት ማን ይችለው ነበር።

ግቢው ያኔ መብራት አልገባለትም፤ በጄኔሬተር ነበር። ማታ ይጠፋል፤ ሌሊቱን የሚጠብቁት ዘበኞቹና ውሾቹ ናቸው። ጠዋት እኛ በሩ ላይ ስንሰበሰብ ዘበኛው ሄዶ ጄኔሬተሩን ያስነሳና ተመልሶ በሩን ይከፍትልናል። ያ ጩኸት ሲነሳ የወገራዋ ሴት፣ «ደወሉ ተደወለ፣ ቅዳሴ ግቡ» ትለናለች።

አንድ የጥቅምት ቀን ባለሀብቱ ከጎንደር ሁለት ሰዎች አመጣ። ከበሩ ወደ ውስጥ ትንሽ ራቅ ብለው ረዥም የብረት ምሰሶ ተከሉ። ጫፉ ላይ ቅል የሚያክል ነጭ ነገር ሰቀሉ። ከሥሩ እንደ ዓይን ብሌን ያለ ጥቁር መስተዋት አለው። እኛ ወንፊታችንን ጭናችን ላይ አድርገን አንጋጠን እናያለን።

«ይህ ራሰ በራ ደግሞ ከየት መጣብን?» አለች የወገራዋ ሴት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ራሰ በራው ሆኖ ቀረ።

ስሙን ካወጣችለት በኋላ እየሳቅን ሳለ ያ ነገር ዞረ። ማንም አልነካውም። ነፋስ የለ፣ ምን የለ። እንደ ጉጉት አንገቱን አዞረና ያ ጥቁር ዓይን ራኩባችን ላይ መጥቶ ቆመ። ክው አልኩ። ሳቃችን እዚያው ቀረ። አንዷ ልጅ የምታጠባ ነበረች፤ ጡቷን ከልጁ አፍ ነጥቃ ሸሸገች፤ ልጁ ጮኸ። ሌላዋ ወንፊቷን አንስታ ፊቷን ጋረደች።

ከሰቀሉት ሰዎች አንዱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሳቀብን። «አይዟችሁ፣ አይበላችሁም። ካሜራ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ይቀመጣል፤ እሱ ነው የሚያዞረው። ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች እንዳሰኘው። ሩቁንም ያቀርበዋል። ጣታችሁ ላይ የቀረች አንዲት ሰሊጥ ትታየዋለች» አለን።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኳት አንዲቷን ነገር ነው። ከዚያ ዓይን ጀርባ ሰው አለ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው። የሰው ዓይን እላዬ ላይ እያለ ሰላም ሳልል ማለፍ አልችልም። እናቴ ቤት፣ መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው እያየሽ ዝም ብለሽ አለፍሽ ከተባልኩ ማታ ራት ሳልበላ ነበር የምተኛው። በማግስቱ ጠዋት ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ በሩ ተከፈተ፣ እንደ ወትሮው ትልቋ እኔ ነኝና ሴቶቹ አስቀደሙኝ። ምሰሶው ሥር ስደርስ ነጠላዬን ከራሴ ዝቅ አደረግሁና ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ።

አጎነበሰ።

እውነቴን ነው። ያ ነጭ ራስ ወደ መሬት ደፋ። ትንሽ ቆየ። ቀና አለ። ከዚያ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ በመጨረሻም ወደ በሩ ተመልሶ ቆመ። ብረት ሰላም ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

«በስመ አብ!» አለች የወገራዋ ሴት ከኋላዬ። «ራሰ በራው እጅ ነሳዎት እኮ! ለእርስዎ ጎንበስ፣ ለእኛ ለተራዎቹ በግራ በቀኝ አንዳንድ!»

በማግስቱ እንደገና አጎነበስኩ፤ አጎነበሰ። በሦስተኛውም ቀን። ድንጋጤዬ እየቆየ ወደ ደስታ ተለወጠ። በዚያ አገር ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው፤ መኪናው ያልፋል፣ ሳሉጉ ያልፋል፣ ማንም ማንንም አያውቅም። በየጠዋቱ አንገቱን ደፍቶ የሚቀበለኝ ማን ነበረኝ? ይህን የሚያደርገውን ሰው ሳላየው ወደድኩት። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገችው እናት የተባረከች ናት እያልኩ ነበር ወደ ራኩባዬ የምሄደው።

ሰውየውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ጎጃሜ ነው፣ ዕድሜው ወደ አርባው የሚጠጋ። የዚያው ባለሀብት ትራክተር ነጂ ነበር። ጓንግ ወንዝ አጠገብ ሲያርስ ትራክተሩ ተገልብጦ አንድ እግሩን ቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲያ መንዳት ስላልቻለ ባለሀብቱ የካሜራውን ክፍል ሰጠው። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ኮኪት አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ እሱ በአዝመራ ወቅት እዚያው መጋዘኑ ያድርና ቅዳሜ ቅዳሜ ያያቸዋል። በከዘራ ነው የሚሄደው። ከዚያ ክፍል ቢወጣ በዚያ እግር ሌላ ምን ሥራ ይገኛል? ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ካለበት ከጓሮ እስከ ውኃው በርሜል መመላለስ እንደሚከብደው ሰምቼ በጆግ ውኃ ወሰድኩለት።

«ይግቡ እማዋይ፣ ይግቡ። እርስዎ ውኃ ተሸክመው!» ብሎ በዚያ እግሩ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት።

ክፍሉ ጠባብ ናት፣ እንደ ምድጃ ትፋጃለች። ፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አንዲት ጥቁር ሣጥን፣ ሣጥኗ ላይ አጭር ዱላ ተተክላለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የእኛ በር፣ የእኛ ራኩባ፣ ወንፊቶቻችን።

«ይህች እንደ ካምቢዮ ናት» አለኝ ዱላዋን ይዞ። «ወደገፋኋት ካሜራው ይዞራል። ይሞክሯት።»

«ኧረ ወዲያ! እሰብራታለሁ።»

«ትራክተር የሚያህል ነገር የሰበርኩ እኔ አለሁ አይደል? ይህችን ቢሰብሩ ማን ይቆጣዎታል?»

ገፋኋት። ዓለም ሮጠች። ጣራው፣ ሰማዩ፣ አንድ ቁራ፣ እንደገና ሰማዩ፣ ሁሉም እያጓራ ያለፈ መሰለኝ። ጮህኩና የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ።

«ቀስ እማዋይ! በጣት ብቻ። ጥጃ ሲመልሱ እንደሚያደርጉት፣ ነካ፣ ነካ።»

ነካ ነካ አደረግሁ። ታዘዘልኝ። ወደ መንገዱ ወሰድኩት፤ ሰሊጥ የጫነ መኪና አቧራውን እየነዛ ሲመጣ አየሁ። ከዚያ የዱላዋን ጫፍ እንዳጠምዝዘው ነገረኝ። ሳጠመዝዘው ሩቁ መጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ማሳ ላይ ታስሮ የቆመው ሰሊጥ፣ ነዶው፣ የታሰረበት ልጥ ሳይቀር እፊቴ ቆመ። አፌን ይዤ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ዓይን ለሰው ልጅ ለምን አልተሰጠም አልኩ።

ወዲያው ደግሞ ለምን እንዳልተሰጠ አየሁ። ወደ ግቢው ልመልሰው ስል ራኩባው ጀርባ ላይ ቆመብኝ። የወገራዋ ሴት ለብቻዋ ቁጭ ብላለች። ታለቅሳለች። ገና ቅድም ሆዳችንን ይዘን እስክንወድቅ ያሳቀችን ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንሰቀሰቃለች። እንባዋ በአገጯ ሲወርድ፣ ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ይታያል። እጄን እሳት እንደነካው ሰው ከዱላዋ ላይ አነሳሁ። የሰው ጓዳ በርግጄ የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሰውየው እጁን አሻግሮ ካሜራውን ወደ በሩ መለሰው።

«ለዚህ ነው እኔ ሴቶቹ ላይ የማላቀርበው» አለኝ። «አደራ ነው ይሄ ነገር።»

ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆም ብዬ፣ «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት እጅ ስለምትነሳኝ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ለእርስዎማ ምን ይበዛል፣ እማዋይ! መሬት ላይ ብንነጠፍስ።»

በቃ። ከዚያ በላይ ምን ልጠይቅ? ለወገራዋ ሴት ያየሁትን አልነገርኳትም። እሱ እጅ እንደሚነሳኝ ግን ለሁሉም ነገርኳቸው።

አዝመራው ሊያልቅ ሲል አንዲት የውኃ ሞተር ጠፋች። ሰው በትከሻው ሊሸከማት የምትችል ትንሽ ሞተር ናት። ወደ እርሻው ልትሄድ ከበሩ ወደ ውስጥ ግድግዳውን አስደግፈው አስቀምጠዋት ነበር። ያን ጠዋት ጆንያ የሚጭኑ ብዙ ሳሉጎች ከእኛ ጋር ተጋፍተው ገቡ። ዘበኛው በሩን ስከፍት ነበረች ይላል፤ ሾፌሩ መኪናውን አምጥቶ ሊጭናት ሲል የለችም።

ባለሀብቱ በማግስቱ ከጎንደር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን መንገድ አድክሞት ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ዘበኛውን፣ ሾፌሩን፣ እኔንና ሁለት ሦስት ሴቶችን ወደ ካሜራው ክፍል አስጠራን። ጠባብ ስለሆነች ግማሻችን በሩ ላይ ቆምን። ጎጃሜው ከወንበሩ ተነስቶ በከዘራው ተደግፎ ቆሟል።

«አሳያቸው» አለው ባለሀብቱ።

የትናንቱ ጠዋት ቴሌቪዥኑ ላይ መጣ። ትናንት እንደገና ሲመጣ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፀጉሬ ቆመ። በሩ ይከፈታል። ሞተሯ ግድግዳው ሥር አለች። ከዚያ ዓይኑ ወደ መሬት ይወርዳል። መሬቱ ላይ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላለች፤ የአናቷ ፀጉር ሳስቶ ቆዳው ይታያል፤ ጀርባዋ ጎብጧል።

«ይህች ማን ናት?» አልኩ።

«እርስዎ ነዎት» አለችኝ የወገራዋ ሴት በጆሮዬ።

እንዲህ ማርጀቴን አላውቅም ነበር። እሱን ገና ሳልውጠው ዓይኑ ቀና አለ፣ ግራውን ግድግዳ አየ፣ ቀኙን ግድግዳ አየ፣ ወደ በሩ ተመለሰ። ሞተሯ የለችም። በር ላይ ሰው ይተራመሳል፤ ማን እንደወሰዳት አይለይም።

ባለሀብቱ ወደ ጎጃሜው ዞረ። «ለምንድን ነው ወደ መሬት ያዞርከው?»

«እኔ አላዞርኩም፣ ጌታዬ።»

«ማን አዞረው ታዲያ?»

«ራሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ራሱ እንዲህ ያደርጋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሰቀሉት ሰዎችም አልነገሩኝም።»

ባለሀብቱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። «ራሱ! ትራክተሩም ራሱ ነበር የተገለበጠው?»

የሰውየው እጅ ከዘራው ላይ ሲጠብቅ አየሁ። ባለሀብቱም የተናገረው ነገር የከበደው መሰለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ። ሌባ ነህ አላልኩህም። እጄ ነካው፣ አጠፋሁ ካልከኝ እምርሃለሁ፤ እዚሁ ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ። ሰው ያጠፋል። ዓይኔን እያየህ ከዋሸኸኝ ግን ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ትወጣለህ።»

«አልነካሁትም፣ ጌታዬ» አለ እሱ።

እኔ ያኔ ልቤ ተሰቀለ። ምሕረቱ እዚያው እፊቱ ተቀምጦለት አላነሳ ይላል። ለምን? ፈርቶ ነው አልኩ። በሥራ ሰዓት አሮጊት ሲሳለም ነበር እንዳይባል አፍሮ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ለእኔ ባለው አክብሮት ሊጠፋ ነው። ሰዉን በክርኔ ገፋ አድርጌ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ልናገር። ይህ ሰው ጨዋ ነው፤ ሌብነት አያውቅም። የዞረው በእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደራችሁ እላለሁ፤ እሱም በዚያ ነገር እጅ ይነሳኛል። ሁልጊዜ ነው። እነዚህ ሴቶች ያውቃሉ። ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ሌላ ተንኮል የለበትም።»

«እውነት ነው» አሉ ሴቶቹ። «ሁላችንም አይተናል።»

ባለሀብቱ ፊቱ ተፈታ። ይኸው ዳነ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ። ወደ ሰውየው ዞሮ፣ «ሰላም ማለትህ ነበር? እሱን ብትለኝ ምን ነበረበት? እማማ ያሉት እውነት ነው?» አለው።

ጎጃሜው እኔን አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ግራ የተጋባ ሰው ዓይን ነው።

«እማዋይ ሐሰት አይናገሩም» አለ። «እኔ ግን አልነካሁትም።»

«ሁለቱ እንዴት ባንድ ላይ ይሆናሉ?» ባለሀብቱ ጠረጴዛውን መታ። «አንዳችሁ ዋሽታችኋል! የዋሹት እሳቸው ናቸው? በላ፣ እፊታቸው በል!»

የምታድነው አንዲት ቃል ነበረች። ተሳስተዋል ቢል፣ አርጅተዋል ቢል፣ አላዩም ቢል። እሱ ግን እጁን ኪሱ ከተተና የክፍሏን ቁልፍ አውጥቶ ከዱላዋ አጠገብ አስቀመጠ።

«ለእንጀራ ብዬ እናት የሚያህሉ ሰው ውሸታም አላሰኝም» አለ።

ያዳንኩት የመሰለኝ ሰው ቁልፉን ሲያስቀምጥ በዓይኔ አየሁ። የባለሀብቱ እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አነሳኝ። «ካመነ እምረዋለሁ ብዬ ነበር፣ እማማ። አላመነም። ዋሽቶኛል» አለኝ።

ወደ ሰውየው ዞርኩ። «ልጄ፣ እመን እንጂ! ሁለት ቃል ናት። አጠፋሁ በል።»

«ያላደረግሁትን፣ እማዋይ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

አሁን የምጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ልጆቹ ይንገሩን ብለዋል። ተቆጣሁት። ለልጆቹ ብሎ ግትርነቱን ቢተው ምን ነበረበት አልኩ። በሆዴ ነው እንጂ በአፌ አላልኩትም፤ ቢሆንም ተቆጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ልብሱን በፌስታል አድርጎ፣ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ራኩባችን ፊት ሲደርስ ቆመ። ከዘራውን በግራ እጁ አዛውሮ፣ በዚያ በማይታጠፍ እግሩ፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ደህና ይዋሉ፣ እማዋይ።»

ለብረት ያጎነበስኩ ሴትዮ ለሰው መልስ አልሰጠሁም። ወንፊቴን እያየሁ፣ ሰሊጡን እየነፋሁ፣ የከዘራው ድምፅ እስኪርቅ ቆየሁ። የወገራዋ ሴት እንኳ ያን ቀን አልቀለደችም።

ከዚያ ወዲያ ባለሀብቱ እኛን ሴቶቹን በጓሮ በር እንድንገባ አዘዘ። ምሰሶው ከሩቅ ይታያል፤ እኔ ግን ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ስቤ ነበር የምገባው፣ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሱዳን ተሻገረ አሉ፤ ገዳሪፍ ወፍጮ ቤት ሲሠራ አየሁት ያለ ሾፌር አለ። ሌላ ሾፌር ደግሞ እሱ አይደለም አለ። ሞተሯም አልተገኘች። እኔ እጅ መንሳቱን ባልናገርበት ኖሮ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ወቀስኩ፤ ያየሁትን እውነት ነው የተናገርኩ እያልኩም ስንት ዓመት ራሴን አጽናናሁ። ሁለቱንም አደረግሁ።

ቆይቶ ሸሕዲ ከልጄ ጋር መኖር ጀመርኩ። አንዱ ዘመዳችን የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ለአንድ ሱቅ ካሜራ ሰቅሎ ጨርሶ፣ እኔ በሚያልፍ በሚያገድመው እየተጽናናሁ ሱቁ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ እሱም አጠገቤ ቆሞ ውኃ ሲጠጣ መብራት ጠፋ። ካሜራው ከራሴ በላይ ነው፤ እንደ ልማዴ ዓይኔን ሸሽጌ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ሱቁ ውስጥ ራዲዮ ድንገት ጮኸና ደንግጬ ቀና አልኩ።

ያ ነጭ ራስ ወደ እኔ ደፋ። ትንሽ ቆየ። ቀና አለ። ወደ ግራ ዞረ። ወደ ቀኝ ዞረ።

ከዱካዬ ተነስቼ ቆምኩ። «ማን ነው?» አልኩት ዘመዴን። «ውስጥ ያለው ማን ነው? እጅ የሚነሳኝ ማን ነው?»

«ማንም የለም እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ እየሳቀ። «ማዞሪያውን ገና አላመጣሁትም፣ ቤት ነው ያለው። መብራት በመጣ ቁጥር ራሱን ይፈትሻል። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፤ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰው አይነካውም። እንዲህ ዓይነቶቹ ሁሉ እንደዚሁ ናቸው።»

የመጋዘኑም ዘበኛ በየጠዋቱ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ነበር በሩን የሚከፍትልን።